የእሑድ ምስር

ሻትሌን፣ ጄኔቭ፤ ረቡዕ ኅዳር ፲፭ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ልጄ ጥሩወርቅ ከሆስፒታል ሥራዋ የምትመለሰው ከመሸ ነው። የሳምንቱን ወጥ እሑድ ሠርቼ ፍሪጅ ውስጥ ላስቀምጥ ብላ ብትጠይቀኝ፣ «ያደረ ወጥ አልበላም» ብዬ ከለከልኳት። ይህን ካልኩ ዓመት አልፏል። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሽንኩርት ስትጠብስ ይሸተኛል፤ ቃሌ ተከበረ ብዬም እኮራ ነበር።

ዛሬ ራት ስንጠብቅ ለልጅ ልጄ ለሣራ፣ «እናትሽ እንዲህ ደክሟት እንኳ ትኩስ ታበላናለች» አልኳት።

«ኖን፣ አይደለም አባባ!» ብላ ሳቀች። «ምስሩ የእሑድ ነው እኮ። ማማ ሽንኩርት ብቻ ትጠብስና ላዩ ላይ ታደርጋለች፤ እንዲሸትዎት።»

እንዲሸተኝ! ስንት ጊዜ አመስግኜ በላሁት። ያሳፈረኝ መታለሌ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ልጄ፣ በገዛ ቤቷ እኔን ፈርታ እንደገና ምድጃ ሥር ትቆማለች።

ራት ቀረበ። «ከእንግዲህ ይብቃሽ» ልላት ቆርጬ ነበር።

«ጥሩ ነው አባባ?» አለችኝ ጥሩወርቅ፣ ዐይኗ በእንቅልፍ ሊከደን እየታገላት።

«ጨው ያንሰዋል» አልኳት።

ምንም አላነሰውም።