የአጥንት ሰባሪው እጅ

ይድረስ ለእትዬ፤ ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ጉንጭሽን ይሳምልኝ። እኔ ከቀኝ እጄና ከአንድ ጎድኔ በቀር ደህና ነኝ።

ዕድሜ ልኬን የበሬ አጥንት በመጥረቢያ ስፈልጥ የኖርኩት ሥጋ ሻጭ፣ ባለፈው ሳምንት አስነጠሰኝና ጎድኔ ተሰበረ። ሐኪሟ «አጥንትህ ሳስቷል» አለችኝ። ከሱቄ ማዶ ያለው ጫማ ሰፊ ይህን ሰምቶ «የአሮጊት በሽታ! ቀሚስ ልግዛልህ?» ብሎ በደንበኞቼ ፊት ሳቀብኝ። ደሜ ፈላ። አፍንጫውን በቡጢ ስለው ደሙ ግድግዳዬ ላይ ተረጨ፤ የእኔም እጅ ቀጭ ብሎ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። ባይሰበር ኖሮ ጥርሱንም አወልቅለት ነበር።

ሐኪሟ ጄሶ እያሰረችልኝ «ወንድንም ይይዛል፤ እስኪሰበር ድረስ አያምም» አለች። ወተት ብጠጣስ ብላት ብቻውን አይበቃም አለችኝ። ለምን እኔን ያዘኝ ብላት እሷም ገና አላወቀችም። «ከቤተሰብ የጎበጠ አለ?» ስትለኝ፣ እማዬ መጨረሻዋ ላይ ወለል ወለሉን እያየች ትሄድ እንደነበር ነገርኳት። እርጅና መስሎን ነበር እኮ።

የላክሽው ፎቶ ደርሶኝ ከድሮው ጎን ሰቅዬዋለሁ። በድሮው ከልጅሽ እኩል ነበርሽ፤ በአዲሱ ትከሻዋ ጋ ነሽ። ልጅቱ በሠላሳ ዓመቷም እያደገች ነው እንዴ?

ደረጃ ስትወርጂ መደገፊያውን ያዢ። ደግሞ ግድግዳ ተደግፈሽ፣ ቀጥ ብለሽ ሌላ ፎቶ ተነሺልኝ።

በግራ እጁ የጻፈልሽ ወንድምሽ