ስለተነሡት አሥራ ስምንት ወንበሮች

ለተከበሩ የሕንፃው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሦስተኛ ፎቅ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ለይቼ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ካለፈው ወር ወዲህ ከታች መግቢያው አጠገብ ባለው ካፌ ቡና የሚጠጣው በእግር ተቁሞ ስለሆነ፣ ጉልበቱ የደከመ ሰው በዚህ ሕንፃ ውስጥ ምን ዓይነት ቦታ እንዳለው በሚገባ ተምረናልና ነው። የእርስዎን ጉልበት ግን ያጽናልን።

ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል። ባለፈው ዓመት በስታትስቲክስ ተመርቄ፣ ማስረጃዎቼን በፕላስቲክ ክላሰር ይዤ ቢሮዎን ለአራተኛ ጊዜ ሳንኳኳ፣ የካፌውን የመቀመጫ አጠቃቀም እንዳጠና በጊዜያዊነት የፈቀዱልኝ ልጅ ነኝ። ጥናቱ ካማረ ቋሚ ቅጥር እንደሚኖር የነገሩኝ ዕለት፣ ሊፍቱን የምጠብቅበት ትዕግሥት አጥቼ ደረጃውን በሩጫ ነው የወረድኩት። አምስት ቀን ሙሉ ጥግ ይዤ የወንበሩን ቁጥር፣ የታዘዘውን ነገርና የተቀመጡበትን ደቂቃ ስመዘግብ ዋልኩ። ሰዎቹ ተቀምጠው የሚያደርጉትንም ልመዝግብ ወይ ብዬ ብጠይቅዎ «ልጄ፣ እኔ የጠየቅሁሽ ደቂቃ ነው፤ ወሬ አይደለም» አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ ወሬ ለሠንጠረዥ አይመችም።

ሰው አንድ ቦታ ረጅም ሰዓት ከተቀመጠ ቦታውን ወዶታል ማለት ነው ብዬ፣ በማጠቃለያዬ ላይ ተጨማሪ ወንበር እንዲገባ ሐሳብ አቀረብኩ። እርስዎ ደግሞ ያንኑ ቁጥር አንብበው፣ አሥራ ስምንቱንም ወንበሮች አስነሥተው፣ ከሃያ ደቂቃ በላይ መቆየት ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ በማኅተም አስለጠፉ። ከአንድ ሠንጠረዥ ሁለት ሰው ይህን ያህል የተራራቀ ነገር ሊያነብ እንደሚችል፣ አራት ዓመት ያስተማሩኝ መምህራን አልነገሩኝም ነበር። ይህን እርስዎ ስላስተማሩኝ በቅድሚያ አመሰግናለሁ፤ የቀረውን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሁለቱን ወንድማማቾች ስለገላገሉልን። እነዚህ ሰዎች ከተኳረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሆኖም በየቀኑ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጡና በካፌዋ ባለቤት በእትዬ በኩል ይላላኩ ነበር። ታላቁ «እትዬ፣ እዚያ ለተቀመጠው ሰውዬ እናቱ መድኃኒቷን እንደጨረሰች ንገሪልኝ» ይላል። ታናሹ ደግሞ «ለዚያኛው ሰውዬ ትናንት እንደገዛሁላት ንገሪው፤ ለእሱም እናቱ ከሆነች ብቅ ብሎ ይያት» ይላል። ሁለቱም በክንድ ርቀት እየሰሙ፣ እትዬ አንዲት ቃል ሳትጥል ትደግምላቸው ነበር። ቆሞ መላላክ ግን አይመችም መሰል፣ አሁን ታላቁ ጠዋት፣ ታናሹ ከሰዓት በኋላ እየመጡ ጨልጠው ይሄዳሉ። የእናትየውን መድኃኒት ማን እንደሚገዛ አላውቅም፤ ሠንጠረዤ ለዚህ ዓምድ አልነበረውም።

ሁለተኛ፣ አንድ የቆየ ልማድ ስላስቀሩልን። የካፌው ደንበኛ የሆነ ሰው በማግስቱ የማይመጣ ከሆነ፣ ሲወጣ «ነገ የለሁም» ብሎ ነበር የሚሄደው። ደንቡን ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ሳይናገር የቀረ ሰው ካለ እስከ አራት ሰዓት ይጠበቃል፤ ከዚያ እትዬ ሽርጧን ትፈታና «ማነው ቤቱን የሚያውቀው?» ትላለች፤ አንዱ ሄዶ ያንኳኳል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውዬው እንቅልፍ ጥሎት ይገኛል፤ ፊቱን ሳይታጠብ ይመጣና እስኪበቃው ይሰደባል። ቆሞ ጠጥቶ ለሚሮጥ ሰው ግን «ነገ የለሁም» ማለት ያሳፍራል፤ ዛሬስ መቼ ነበረና!

ሦስተኛውን ለመጻፍ ሦስት ቀን ስለፈጀብኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ወንበር ቁጥር ሰባትን የሚመለከት ነው።

በእኔ ሠንጠረዥ ወንበር ሰባት «አንድ ቡና፣ መቶ ዘጠና ደቂቃ» ይላል። እኛ ጋሼ አራሚ እንላቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት በማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሲያርሙ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸውን የቀበሩ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ከካፌው ሁለት መንገድ አልፎ በአንዲት የኪራይ ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ቀይ እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው አይለይም። የሠፈሩ ሥራ ፈላጊ ሁሉ ማመልከቻውን የሚያሳያቸው እዚያ ወንበር ላይ ነው። የእኔንም አሥራ አንድ ማመልከቻዎች ያረሙት እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ‹በታላቅ ትሕትና› ብለሽ ትጀምሪና ታች ወርደሽ ትፎክሪያለሽ፤ ወይ ለምኚ፣ ወይ ፎክሪ!» ብለው ካፌውን ሁሉ አስቀውብኛል።

ለእርስዎ የቀረበውን የጥናት ሪፖርትም ያረሙት እሳቸው መሆናቸውን ሳላሳውቅዎ ቆይቻለሁ። ሠንጠረዡ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ይሄ ወንበር ሰባት የሚባለው ሥራ ፈት ማነው? በአንድ ቡና መቶ ዘጠና ደቂቃ! አያፍርም እንዴ?» አሉ። ላውጣው ወይ አልኳቸው። «ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ትክክል የሆነ ነገር አይሰረዝም። ብቻ አንቺን ቋሚ ያድርጉሽ እንጂ እኔ ምን እሆናለሁ» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ የዚያን ዕለት ቡናቸውን ማኪያቶ አስደረግሁላቸው። ክቡር ሆይ፣ ሰውን የሚያህል ነገር በማኪያቶ የሸጠ ተመራቂ ከእኔ በፊት ያውቃሉ?

ማስታወቂያው የተለጠፈ ዕለት ሁሉም ዘወር ብሎ እሳቸውን አየ። እስክሪብቷን አውጥተው፣ ከራስጌው እስከ ማኅተሙ ቀስ ብለው አነበቡ። «ስህተት የለበትም» አሉ። ክዳኗን ገጠሙና «ሰውም የለበትም» ብለው እስክሪብቷን መለሱ። ሁለት ቀን ባንኮኒውን ተደግፈው ለመጠጣት ሞከሩ። በሦስተኛው ቀን ስኒያቸውን ሳያጋምሱ፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየተመረኮዙ ወጡ። «ነገ የለሁም» አላሉም።

በማግስቱም፣ ከዚያ በኋላም አልመጡም። የሆነውን እንዳለ ልንገርዎ። እትዬ ወንበሮቹ በእሷ ፈቃድ የተነሡ መስሏቸው አኩርፈውብኛል ብላ ተሸማቀቀችና ሳትሄድ ቀረች። የሁልጊዜ የወንበር ጎረቤታቸው የነበረችው ልብስ ሰፊ፣ መንገዱን ተሻግረው ሌላ ካፌ ገብተዋል ብላ «ከዱን እኮ!» እያለች ስታማቸው ሰነበተች። እኔ ደግሞ ዓይናቸውን ማየት ስላፈርኩ፣ በደጃቸው ላለማለፍ እነዚያን ቀናት በጓሮ መንገድ ዞርኩ። ቤታቸውን ሦስታችንም እናውቀው ነበር። ድሮ ቢሆን ተቀምጠን አንዳችን ሌላችንን እንጠይቅ ነበር፤ አሁን ግን እኔም እነሱም ቆመን፣ ከፍለን፣ ወጣን።

ያገኘቻቸው አከራያቸው ናት፤ ውሃ ሲፈስ ሰምታ ልትቆጣቸው ስትገባ። ቧንቧው ሥር ወድቀው ነበር። ሐኪሙ ሁለት ቀን ሳይነሡ እንደቆዩ ገመተ፤ ቶሎ ደርሰው ቢሆን ኖሮ ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው።

ሆስፒታል ስንገባ የተረኛዋ ነርስ ቅጽ እየሞላች ምናቸው እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። በቡና ነው የምንተዋወቀው አልኳት። «እሱ የዝምድና ዓይነት አይደለም እህቴ» አለችና «ጎረቤት» ብላ ጻፈች። ጋሼ አራሚ ግማሽ ፊታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር፤ ቢሆንም የጠያቂ ሰዓት አልቆ ሰው ሲነሣ፣ በዚያ በተጣመመ አፋቸው «የእኔም ሃያ ደቂቃ አለቀ እንዴ?» አሉ። ሳቅን። እትዬ ግን ወደ ግድግዳው ዞረች። በዘጠነኛው ቀን ዐረፉ። ቀባሪው ከጠበቅነው በላይ ብዙ ነበር፤ ለካ በእሳቸው እጅ ታርሞ ሥራ ያላገኘ ማመልከቻ የእኔው ብቻ ኖሯል። እነዚያ ወንድማማቾችም በአንድ ወገን ተሸክመዋቸው ሄዱ፤ አልተነጋገሩም።

አራተኛ፣ ካፌው አሁን ጸጥታ የሰፈነበትና ንጹሕ መሆኑን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ወለሉን ለመጥረግ በጣም ይቀላል።

ክቡር ሆይ፣ ጥፋቱን በእርስዎ ትከሻ ብቻ ጥዬ ለማምለጥ አልጽፍም። ደቂቃውን የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ያነበቡት እኔ የሰጠሁዎትን ነው። አብረው የተቀመጡትን ሰዎች ትቼ መቀመጫውን ብቻ ቆጥሬያለሁ፤ ስለዚህ ጥናቱ የተሳሳተ ስለሆነ ከመዝገብዎ እንዲወጣልኝና ወንበሮቹ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ በይፋ እጠይቃለሁ። አሥራ ስምንቱ ከበዙብዎ፣ የቀረ ሰው እስከ አራት ሰዓት የሚጠበቅባቸውን ብቻ ይመልሱልን። ልመናዬ ይኸው ነው፤ አልፎከርኩም።

ሕንፃዎ ሁልጊዜ የጸዳ፣ ኮሪደርዎ ሁልጊዜ የተከፈተ፣ ያለዎትም ዘመን ከሃያ ደቂቃ የበለጠ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለሰጡኝ ዕድልና ላሳዩኝ ውጤት አንገቴን ደፍቼ አመሰግናለሁ።

አክባሪዎ፣
የጥናቱ አዘጋጅ

ግልባጭ፦
— ለካፌዋ ባለቤት
— ለሁለቱ ወንድማማቾች (ለየብቻ)
— ከማስታወቂያው ጎን ለሚለጠፍ

ማስታወሻ፦ ጥናቴ «ግልጽና ከስህተት የጸዳ» ሆኖ በመገኘቱ በቋሚነት እንድቀጠር፣ የመጀመሪያ ሥራዬም የሁለተኛ ፎቁን ክሊኒክ የታካሚዎች ማረፊያ ማጥናት እንደሚሆን የሚገልጸው ደብዳቤዎ ትናንት ደርሶኛል። ሥራውን እንደማልቀበል በአካል ላስረዳዎ መጥቼ፣ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ በርዎ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስት ሰዓት ከሩብ ተቀምጬ ተመለስኩ፤ ማንም ተነሺ አላለኝም። ከጎኔ የነበሩት ሴትዮ ለአንዲት ፊርማ አራተኛ ቀናቸው እንደሆነ አጫወቱኝ። ቤትዎ ማን አለ ብላቸው ወረቀታቸውን ያስተካክሉ ጀመር። ስልካቸውን ወስጃለሁ፤ ነገ ጠዋት እደውልላቸዋለሁ።