በዳዊት ማኅደር ያደረችው መርፌ

ጎንደር፣ መስከረም 6 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ፣

ከእኔ ቃል በፊት የመድኃኔ ዓለም ሰላም ቤትሽ ይግባ። ጤናሽ እንዴት ነው? የዛሪማ ንዳድ ዘንድሮስ ማረሽ? ትንሹ ልጅሽ ጥርስ አወጣ? እኔ ክብር ለእሱ ይሁንና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዝናቡ ቆሟል፣ የቀሐ ወንዝም ጎድሏል።

ወደ ወሬው ከመግባቴ በፊት ግን የምነግርሽ አለኝ። የንስሐ አባቴ ሰምተውታል፤ አንቺ አልሰማሽውም። በ1970 ሁዳዴ የወንድምሽን የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የደበቅሁት እኔ ነኝ።

ወንድምሽ ዳኛው ቤቱን እየገለበጠ ሲፈልጋት ትዝ ይልሻል? «እሾህ ልታወጪባት ወስደሽ ነው፣ አምጫት!» እያለ አንቺን ሲያሳድድሽ፣ እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ዳዊቴን እደግም ነበር። መርፌዋ ከስንዴ ቅንጣት አትበልጥም፤ በዳዊቴ ማኅደር ሥር በሰም ለጥፌያት ነበር። በጾም ዘፈን ከቤቴ አይሰማም ብዬ ነው። ለፋሲካ ልመልስለት ነበር።

ቤቱ ዝም ሲልበት ልጁ ዘፈን ፍለጋ አውቶ ፓርኮ ሰፈር ጓደኛው ቤት መዋል ጀመረ። አብዮት ጥበቃዎች የያዙትም እዚያ ነው። ፋሲካን አላየም። መርፌዋ ባትደበቅ ኖሮ ቤቱ ይውል ነበር ወይ እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱን የሚያውቅ አንድ ጌታ ነው።

ቤታችንን ሊፈትሹ ሲመጡ የሚመራቸው ካሣዬ ነበር፤ ያኔ አብዮት ጥበቃ፣ ዛሬ የቀበሌያችን ሊቀመንበር። አንደኛው የማጫወቻውን ሣጥን በሰደፍ ነረተው፤ ድምፁን የሚያወጣው የስፒከሩ ወረቀት ተተረተረ። ኋላም ልጁን ሲገድሉት እንዳይለቀስ፣ ጥቁር እንዳይለበስ ተባለ። እናትሽ ተደብቃ ያቀለመችውን ጥቁር ሻሽ አንድ ቀን እንኳ ሳታስረው ከልብስ ሣጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። እንባው ከውስጧ ቀርቶ በላት። አምና እሷን ስንቀብር ሰው ሁሉ ያለቀሰው ለሁለቱ መሆኑን አንቺም አይተሻል፤ ያኔም ቢሆን ስሙን የጠራ ግን አልነበረም።

ያለፈው ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሥራ ሲያስፈታኝ ማጫወቻውን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ሸክላውን የሚያዞረው ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ከብስክሌት ከመነዳሪ፣ ከውስጠኛው ጎማ፣ ቆርጬ አለበስኩት። የተበጠሰውን ሽቦ በየድኩ። ስፒከሩ ላይ ስደርስ ግን ለየደብሩ ከበሮ በቆዳ ስለጉም የኖርኩ ሰው አይደለሁ? ይህማ የእኔ ሥራ ነው አልኩ። የግልገል ቆዳ ፍቄ፣ አሳስቼ፣ ወጥሬ ለበጥኩት። መርፌዋን ከማኅደሩ አውጥቼ ባስቀምጣት ዱም! ዱም! ብቻ ሆነ። ዘፋኙ አፉን በጨርቅ የታፈነ ይመስል ነበር። ጎረቤታችን ብርቄ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «አያ፣ ምነው ዘንድሮ ጥምቀት በሐምሌ መጣ?» አለችኝ።

ተቀምጬ አሰብኩበት። ከበሮ ሰው ሲመታው ነው የሚጮኸው፤ ይሄኛው ግን መተንፈስ ይፈልጋል። ቆዳ ከበደው። ቀሎ የሚይዝ ስስ ነገር ቤቱን ብፈልግ አጣሁ። በመጨረሻ የእናትሽን ሣጥን ከፈትኩ።

እንዳትቆጪኝ። ግማሹን ነው የቆረጥኩት። ቆዳውን ገፍፌ ስንጥቁን በዚያ ጥቁር ሻሽ፣ በእንቁላል ነጭ እያጣበቅሁ ደፈንኩት። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ ነው፤ ብርቄ እንቁላል ይዤ ስገባ አየችኝ። «አያ! በፍልሰታ እንቁላል! ሰለጠንክ በለኛ!» «አልበላውም፣ ላጣብቅበት ነው» ብላት «አዎ፣ ከላንቃህ ጋር!» ብላ ሰፈሩን አሳቀችብኝ።

ሲደርቅ አጫወትኩት። ማሲንቆው ጥርት ብሎ መጣ። ድምፁ ትንሽ ጎርነን ብሏል፤ እኔ ግን እንደዚያ ሸጋ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። ያ ዳኛው ትከሻውን የሚንጥበት ዘፈን ነው፤ ጭረቱ ላይ ሲደርስ አንዷን ስንኝ እየደጋገመ የሚያስቸግረው። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጄ ጋር ብቻችንን ተቀመጥን።

ካሣዬም ሰማ። እየሳቀ መጣ። «አያ፣ እጅህ ይባረክ! የአዳራሹ ማጫወቻ ተበላሽቶብናል። መስከረም ሁለት ለአብዮት በዓል ይህን እንወስደዋለን፤ መዝሙሩን በእሱ እናሰማለን» አለኝ። ሣጥኑን መታ መታ አደረገው፣ ያኔ የተሰበረበትን ቦታ። አያስታውሰውም።

ይህን ነው ያኔ በሰው የላክሁብሽ። አንቺም «አባዬ፣ ለአንድ ሣጥን ብለህ እንዳትጠፋብኝ፤ ስጣቸው» አልሽ። ከፍርሃት መሆኑን አውቃለሁ፣ አልተቀየምኩም።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ማጫወቻውን ደፉ ላይ አስቀምጬ አፉን ወደ መንገዱ መለስኩት። የዳኛውን ሸክላ አደረግሁ። ድምፁንም እስከ ጥጉ ለቀቅሁት።

መጀመሪያ ብርቄ መጣች፤ አፏ ላይ ቀልድ ነበረ፣ ደጃፌ ስትደርስ ጠፋባት። ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ከዚያ ወዲያ ማዶ ያሉት መጡ፣ ከዚያም የእነ መንበረ ቤት፤ እነሱም ያልተለቀሰለት አላቸው። ዘፈኑ የጭፈራ ነው፤ ሰዉ ግን ቆሞ ያነባል። ጭረቱ ላይ ደርሶ ስንኟን ሲደጋግም ብርቄ ደረቷን መታች። «ዳኛው! ዳኛውዬ!» አለች። ስሙ ከተጠራ ስንት ጊዜው!

ካሣዬ እየሮጠ መጣ። «ምንድን ነው ይሄ?» ሲለኝ «ዘፈን ነው፤ ዘፈን ተከለከለ እንዴ?» አልኩት። «ሰው እያለቀሰ ነው!» «ዓመት በዓል ነው፤ ሰው ደስ ሲለውም ያለቅሳል።» ዙሪያውን ተመለከተ። ለቀስተኛው በዝቶበታል። «ነገ በጠዋት ይወሰዳል» ብሎ ሄደ።

በማግሥቱ ወሰዱት። እንዳልሽኝ አደረግሁ፤ ሰጠኋቸው። አዳራሹ ሙሉ ነበር አሉ። የመዝሙሩ ሸክላ ዞረ፣ ዞረ፤ ድምፅ የለም። ካሣዬ ሣጥኑን ቢደበድበው አንዱ ከኋላ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ጾም ይዞ ይሆናል!» ብሎ ሕዝቡ በሳቅ አለቀ።

ትናንት ካሣዬ ብቻውን መጣ። አልሳቀም። «አያ፣ አንዲት ነገር ጎድላለች ይላሉ። አንተ ጋ ናት?» አለኝ። በስተርጅና አልዋሽም። «እኔ ጋ ናት፤ አልሰጥህም» አልኩት። «እስከ ነገ አስብበት» ብሎኝ ወጣ። ነገ ያለው ዛሬ ነው። አስቤበታለሁ፤ ያው ነው።

ለመድኃኔ ዓለም የጀመርኩትን ከበሮ ጨርሼ አስረክቤያለሁ። የቤቱን ቁልፍ ብርቄ ይዛለች። ጋቢዬን አጥፌ በሩ አጠገብ አድርጌዋለሁ፤ ማታ ማታ ይበርዳል።

ይህን የሚያደርስልሽ የጭነት መኪና ሾፌሩ ነጋ ነው፤ ምሳ ሳታበይው እንዳትሰጂው። የቀረውን የሻሹን ግማሽ አብሬ ልኬዋለሁ። የሚያስፈልግሽ ቀን ሳትፈሪ እሰሪው።

እግዚአብሔር ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ደጅሽ ሰው አይጣ፤ የቤትሽ ድምፅ አይጥፋ። ከሁሉ በላይ በልጆችሽ ላይ ዘፈን አትከልክይ፣ በጾምም ቢሆን።

መርፌዋን ከዚህ ወረቀት ግርጌ፣ ከስሜ ሥር፣ በሰም ለጥፌያታለሁ።

አባትሽ