ታፔላው ላይ ያልወጣው ስሜ

ሰኞ፣ ኅዳር 7/2002፣ ጠዋት 3፡00
ጀነሬተሩ ዛሬም እምቢ ብሏል። ላብ በላብ ሆኜ መከራከሪያ እጽፋለሁ። የቢሮአችን ወጣት ጠበቃ ደንግ ሸሚዙን አስተኩሶ የጻፍኩትን ይዞ ፍ/ቤት ይቆማል። ዳኛው ያመሰግኑታል። እኔ የውጭ ዜጋ፣ የጥብቅና ፈቃድ የለኝም። አዲስ አበባ ስንት ዓመት ችሎት ቆሜ፣ ጁባ መጥቼ የሰው አፍ ሆንኩ። ልጁ ደግሞ ጥሩ ሰው ነው፤ ደህና አድርጌ ልጠላው እንኳ አልቻልኩም።

ስሚኝ ማስታወሻዬ። አለቃችን ሚስተር ላዶ ጠርቶኝ ቃል ገባ። የወ/ሮ ጽጌን ክስ ካመጣሁ ሸሪክ ያደርገኛል፤ ስሜ ከስሙ ጎን ታፔላው ላይ ይወጣል፤ ለፈቃዱም ራሱ ይሟገትልኛል። ወ/ሮ ጽጌ የአገሬ ሰው ናቸው። ሀይ ጀላባ ሰፈር ሆቴል አብረዋቸው ከከፈቱት ከአቶ ጌታሁን ጋር ተጣልተዋል። ከሐበሻ ሌላ ጠበቃ አያምኑም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9
መጡ። ፈረሙ። ክሱን ዛሬውኑ ጻፍኩ፤ እንዲህ ያማረ ጽፌ አላውቅም። ሚስተር ላዶ “ሸሪኬ” እያለ ሶዳ ጋበዘኝ። ደስ ብሎኛል፣ ምን እደብቅሻለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 13፣ ከሰዓት
ምን ነካኝ? ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ሁለቱን አስቀመጡ። ክስ ተከፈተ አልተከፈተ፣ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ከጠራ አይቀርም። ወ/ሮ ጽጌ አጠገቤ ሁኚ ብለው ጎተቱኝ። አፌን ዘግቼ ልቀመጥ ወስኜ ነበር። ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ፤ የሕግ ሰው ነሽና እውነቱን ንገሪን አሉ። ክሱን ወ/ሮ ጽጌ ያሸንፋሉ፣ ግን ፍርድ እስኪሰጥ ሆቴሉ ሊታሸግ ይችላል፣ ሠራተኛውም ይበተናል አልኩ። እውነት ነው። ምናለ አላውቅም ብል?

አቶ ጌታሁን ተነሥተው ወ/ሮ ጽጌ ጉልበት ላይ ወደቁ። ወ/ሮ ጽጌ አለቀሱ። ታረቁ። እኔንም መረቁኝ። አሜን ማለት አቃተኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 14
ሚስተር ላዶ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ደንበኛ አስታርቆ የሚሸኝ ጠበቃ አይቶ አያውቅም። ጥሩ ሰው ነሽ፣ ሸሪክ ግን አትሆኚም አለ። በዐረብኛቸው ማሌሽ፣ ግድ የለም ብሎ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። እንደ ሕፃን።

ወ/ሮ ጽጌ ነገ ጾም ሊገባ ነው ብለው ክትፎ ላኩልኝ። ሳልቀምስ ለዘበኛው ሰጠሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 18
ታፔላው ተሰቀለ። ላዶ እና ደንግ፣ ጠበቆች። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያነባል። እኔም ቆሜ አነበብኩ። ደንግን እንኳን ደስ አለህ አልኩት።

ደንግ አይኔን ማየት አፍሮ ትንሽ ወዲያ ወዲህ አለ። ከዚያ የሰኞውን የመሬት ክርክር መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። እንደተለመደው ጻፊልኝ አለ። እሺ አልኩት።

ሁሉም ወጥተዋል። መዝገቡ ፊቴ ነው። አልከፈትኩትም፣ አልከፍተውምም። ሰኞ ዳኛው ተናገር ሲሉት፣ ስሙ የተሰቀለው ሰውዬ ይናገር።