አሥራ አራተኛው ዓምድ

«ጋሼ፣ የጠፋው ማንም የማይጠቀምበት አንድ ዓምድ ብቻ ነው። አዲሱ ሲስተም ያለ እሱም በደንብ እየሠራ ስለሆነ፣ እባክዎ ጉዳዩን እዚህ ላይ እንዝጋው።»

ይህ ቃል በቃል የአንተ ነው። አንዲት ነጥብ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩምም።

ለእህቴ ልጅ፤

ጤናህን እጠይቃለሁ። የተቆጣ ሰውም ቢሆን ጤና ሳይጠይቅ ደብዳቤ አይጀምርም። ሳሉ እንደተሻለህ ከእናትህ ሰምቻለሁ። ልጅህም ጥርስ አወጣች አሉኝ፤ ደስ ብሎኛል። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሰላምታው እዚህ ላይ አበቃ።

ቤት «አንተ» የምትለኝ ልጅ፣ የደብዳቤህ ግልባጭ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ስለሚደርስ «እርስዎ» ሆንኩልህ። ለሰው ፊት የሚወጣ አክብሮት ለእኔ አያስፈልገኝም። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። «በደንብ እየሠራ ነው» ስትል ምላስህን አየሁት።

መሥሪያ ቤታችን ምን እንደሚሠራ የረሳህ ስለመሰለኝ ላስታውስህ። የተጠፋፉ ቤተሰቦችን እናገናኛለን። ልጄን ፈላጊ ነኝ ብሎ የመጣ ሁሉ ወላጅ አይደለም። ስለዚህ የታተመው ቅጽ ላይ አሥራ ሦስት ጥያቄ አለ፤ ዳታቤዙ ላይ ግን ዓምዱ አሥራ አራት ነው። አሥራ አራተኛው «ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀው» ይባላል። ፈላጊው ሲመጣ ከፈላጊው፣ ልጁ ሲገኝ ከልጁ አፍ ሰምቼ፣ በሬን ዘግቼ፣ በራሴ እጅ የማስገባው ነው። ወረቀት ላይ አይወጣም። ወረቀት ላይ የወጣ ነገር የሚያጠናው አያጣም። ሁለቱ ቃል ሲገጥም ልጁ ለቤተሰቡ ይሰጣል፤ ካልገጠመ አይሰጥም።

አዲሱን የድረ ገጽ ፕሮጀክት ታይፕስክሪፕት በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ልጽፈው ነው ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ቁጥርን ከጽሑፍ፣ ጽሑፍን ከቀን የሚለይ፣ ዓይነቱ ያልታወጀ ነገር አላሳልፍም የሚል ቋንቋ ለእንደኔ ያለው ነዝናዛ የተፈጠረ ነው ብዬ ቀልጃለሁ። ከዳታቤዙ ጋር ልታገናኘው ስትል ግን መጀመሪያ በቅጂው ላይ ሞክር፣ ዓምዶቹንም ከሰንጠረዡ ከራሱ እያነበብክ አውጅ አልኩህ። «እሺ ጋሼ» አልክ። ከዚያ ከታተመው ቅጽ ላይ ገለበጥካቸው። አሥራ ሦስት አወጅክ። ሰንጠረዡን ከኮዱ ጋር በራሱ የሚያስማማውን ምርጫ እንደተከፈተ ትተህ፣ ከዋናው ዳታቤዝ ጋር አገናኘኸው።

ፕሮግራም ታዛዥ ነው። በኮድህ ውስጥ ያልታወጀ ዓምድ ሲያገኝ ትርፍ ነው ብሎ ከነይዘቱ ጣለው። የስህተት መልእክት እንኳ አልወጣም። «ተገናኝቷል» የሚለውን አረንጓዴ ጽሑፍ ፎቶ አንሥተህ ላክህልኝ፤ እኔም «ጎበዝ» ብዬ መለስኩልህ። ያንን ቃል ዛሬ መልሼ ብውጠው በወደድኩ።

ያወቅነው በዘጠነኛው ቀን ነው። መጠባበቂያ ቅጂ የሚቀመጠው የሰባት ቀን ብቻ ነው።

እንዴት እንዳወቅን ግን አልጠየቅከኝም። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰው መጣ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጁን ሲፈልግ የኖረ አናጢ ነው። በአሥራ ሦስቱ ጥያቄ አንዲት ልጅ ተገኘችለት። ልጅቷ ወደ እኛ ስትመጣ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ዛሬ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያኔ የነገረችኝን እሷ ራሷ አታስታውሰውም። ፀጉሯን ተበጥራ እንግዳ ተቀባይዋ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሰውየውን አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። «ጫማዋን ስናስር ግራው የኔ፣ ቀኙ የሷ ነበር» አለኝ። «ቀድሞ የጨረሰ ሌላውን ‹ቀርፋፋ› ይለዋል። ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ ቀርፋፋው።»

መዝገቡን ከፈትኩ። አሥራ አራተኛው ዓምድ የለም።

ስለ ጫማ የሆነ ነገር እንደጻፍኩ ይታወሰኛል። ግን በእኔ ክፍል ካለፉት ሕፃናት ስለ ጫማ ያልነገረኝ ስንቱ ነው? በትዝታ ልጅ አይሰጥም፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይጠብቁን አልኩት። «ልጄን አገኛችኋት፤ እኔ ነኝ የጠፋሁባችሁ?» አለኝ። ልጅቷ በኋለኛው በር ወጣች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

አሁን የራሴን ጥፋት ስማ። ማንበብ ብቻ የሚያስችል የይለፍ ቃል ላዘጋጅልህ ሲገባ መሰረዝም የሚያስችለውን የባለቤቱን ሰጠሁህ። የእህቴ ልጅ ነው ብዬ ነው፤ ለባዳ አልሰጥም ነበር። የሰባት ቀን ቅጂ ይበቃል ያልኩትም እኔ ነኝ። ሁለቱንም ለኃላፊዋ በጽሑፍ አስታውቄ ፈርሜያለሁ። የአንተን ድርሻ ግን አልፈርምልህም።

የሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት መዝገብ አሥራ አራተኛ ዓምድ ባዶ ነው። ሕፃናቱ የተናገሩት አብዛኛው አይመለስም። ፈላጊዎቹ ግን አሉ። አንድ በአንድ እየሄድክ እንደገና ትጠይቃቸዋለህ፤ በስልክ አይሆንም።

በቁጥር 318 ትጀምራለህ። ያንን መዝገብ መጀመሪያ የጻፍኩት ተማሪ ሳለሁ በደብተር ነው፤ ዳታቤዝ የሚባለውን ሙያ የተማርኩትም በእሱ ምክንያት ነው። ልጁ ሲጠፋ አራት ዓመቱ ነበር፤ አንተ ገና አልተወለድክም። ቃሉን በልቤ አውቀዋለሁ፤ በልብ የታወቀ ግን እንደማይገባ ነግሬሃለሁ። አመልካቿ ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቄላታለሁ። አሁንም እየተናገርኩ አይደለም፤ ሥራ እያዘዝኩህ ነው። ስሟን መዝገቡ ላይ ታገኘዋለህ። አድራሻ አትፈልግ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ሳታንኳኳ የምትገባበት በር ነው። ስትናገር አታቋርጣት። ካለቀሰችም ጠብቃት። አነጋገሯን ሳታርም ጻፈው።

ልቦና ይስጥህ። ልጅህን ክፉ አይንካብህ፤ ጠርታህ የማታጣህ አባት ያድርግህ። ለእናትህ እንደምወዳት ንገራት።

አመልካቿ የሰጠችህን ቃል፣ እንዲሁም «ማንም የማይጠቀምበት» የሚለው አባባልህ አሁንም የጸና መሆን አለመሆኑን፣ እስከ ጥር 20 ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ በጽሑፍ እንድታሳውቀኝ።

አጎትህ