አምበር ደርሼ መጣሁ

ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 22 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ፤

እንደምን ሰንብተሽልኛል? ከሁሉ በፊት እጅሽ እንዴት ሆነልሽ? ጣቶችሽ እንደ ልብ ይታጠፋሉ? ቅባቱ ካለቀብሽ ቀድሪያ ሌላ ይዛልሻለች። ቁስሉ ቢደርቅም ጣቶችሽን ጠዋት ጠዋት ማፍታታቱን እንዳትተዪ። ቢያምሽም ቻዪው፤ አለዚያ እንደተቆለመሙ ይቀራሉ። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ዝናቡ እዚህ ገና አልወጣም፤ የጭቃው ነገር አይነሳ።

ቀድሪያን ታስታውሻታለሽ፤ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የነበረችው፣ የማርቆሱ ነጋዴ ልጅ ናት። ትምህርቷን እዚያው ቤሩት ልትቀጥል ስለሆነ ይህን በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። አትክልት ልትገዢ ቅርጫትሽን ከበረንዳው በገመድ ስታወርጂ ከአትክልቱ ሥር ታገኚዋለሽ። አንብበሽ ስታበቂ ቅደጂው። አሠሪሽ ማዳም አማርኛ ባታውቅም የሚያነብላት አታጣም።

አደራሽን ይዤ እንቁጣጣሽ እንዳለፈ አምበር ሄድኩ። እናትሽ ከቤሩት መምጣቴን ሲሰሙ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ አፈርኩ። ከዚያ "እሷን ያየ ዓይን ነው" እያሉ ዓይኖቼን ሳሙኝ። እንዴት እንደተገናኘን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ክረምቱን ከነርሲንግ ተማሪዎች ጋር ለኮርስ መሄዴን፣ ማደሪያችን ከእናንተ ቤት ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ እንደነበር፣ አንድ ቀን በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ አንዲት ሴት ከላይ ድመት በአማርኛ ስትቆጣ ሰምቼ ቀና ማለቴን። "ሂጂልኝ ወዲያ፣ ሆዳም" ስትዪ በአነጋገርሽ የጎጃም ልጅ መሆንሽን ወዲያው እንዳወቅኩ ስነግራቸው ሳቁ። ከዚያ በኋላ በቅርጫቱ ፋሻና ቅባት እንልክልሽ እንደነበር ግን አልነገርኳቸውም።

እንዲህ ስናወራ አጎትሽ ፈንታ ገባ። መምጣቴን ማን እንደነገረው እንጃ። አጠገቤ ተቀመጠና ከዚያ ወዲያ እናትሽ እኔን የጠየቁኝን ሁሉ እሱ መለሰ። ለምን አትደውልም ሲሉ፣ ሥራ ይበዛባታል አለ። ከስታለች ወይ ሲሉ፣ እንዲያውም ወፍራለች አለና ወደ እኔ ዞሮ፣ "አይደለም እንዴ?" አለኝ። ደህና ናት አልኩ። አንቺም ያስማልሽኝ እንደዚህ እንድል ነበር። ግን አንቺም እኔም ያላወቅነው ነገር ነበር። ታናሽሽ የብርጓል ዳቦ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ፈንታ በጣቱ እያሳየኝ፣ "ይቺንም በቅርቡ እንልካታለን፤ ፓስፖርቷ ወጥቷል" አለ።

የቆረስኩትን ዳቦ መልሼ አስቀመጥኩት። ስነሣ መኪና ድረስ ልሸኝሽ ብሎ ተከተለኝ። ለሰላምታ በሚያወራበት ድምፅ፣ "አንቺ የተማርሽ ልጅ ነሽ፤ የሰው እንጀራ አትዝጊ" አለኝ። ትንሽ ሄድ ብለን ደግሞ፣ "ያችም ብትሆን እዚያ ያለችው በእኔ ቃል ነው። አንድ ስልክ ይበቃታል" አለኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ። ብናገር መከራው በአንቺ ላይ ነው፤ ዝም ብል ልጅቷ መሄዷ ነው። ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ሰነበትኩ።

የደመራ ዋዜማ የብርጓል ራሷ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ አስጠራችኝ። ለጉዞው የጤና ምርመራ ሊያስደርጋት ማርቆስ ያመጣት ፈንታ ነው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ሲይዘው ሹልክ ብላ መጥታለች። እዚያ ብርድ አለ ወይ፣ ምን ዓይነት ልብስ ልያዝ ብላ ልትጠይቀኝ ነው። የምትገቢበትን ቤት ታውቂዋለሽ ወይ አልኳት።

"እህቴ ያለችበት ቤት ነው። እሷ ልትወጣ ስለሆነ አንቺ ትተኪያታለሽ ብሎኛል" አለችኝ፣ ፊቷ እየበራ።

"እሷስ ወዴት ትሄዳለች?"

"እንጃ፤ እሱን አልነገረኝም።"

እህቴ፣ ከዚያ ቤት እንደምትወጪ የነገረሽ አለ? ለእኔ አንዳች አላልሽኝም፤ አታውቂም ማለት ነው። ወዴት ሊወስዱሽ እንዳሰቡ ሳስብ የማስበውን መጻፍ አልፈልግም።

በማግስቱ ሰዉ ሁሉ ደመራው ዘንድ ሳለ አምበር ደረስኩ፤ ያስማልሽኝንም አፈረስኩ። ማዳምሽ እጅሽን በካውያ ማቃጠሏን ለእናትሽ ነገርኳቸው። አላለቀሱም። የትኛው እጇ ነው አሉኝ። ቀኙ አልኳቸው። የገዛ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ያዙ። ባዶ እጄን አልመለስም ማለትሽንም ስነግራቸው፣ "እጇን ይዛ ትምጣ" አሉ። ቀጥለው፣ "ሌላስ አለ?" አሉኝ። ዝም አልኩ። አየት አደረጉኝና የነጠላቸውን ጥለት ሐዘን እንደደረሰበት ሰው ወደ ላይ ገልብጠው ለበሱና ወጡ።

ቀጥ ብለው ወደ ፈንታ ደጅ ነው የሄዱት። እኔና የብርጓል ተከተልን። ሰው ከደመራው እየተመለሰ ነበር። ፈንታ አለባበሳቸውን ሲያይ ማን ሞተ አለ።

"የልጄን ፓስፖርት ስጠኝ" አሉት። "ካልሰጠኸኝ እዚሁ ደጅህ ላይ ተቀምጬ ለትልቋ ሙሾ አወርዳለሁ። ምን ሆነች ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ።"

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እህቴ፣ እህቴ እያለ ለመናቸው። ሰው ሲሰበሰብበት ደግሞ እህቴ አእምሮዋን ታማለች አለ። እናትሽ መልስ ሳይሰጡት ጭቃው ላይ ተቀመጡና ደረታቸውን መቱ። ያኔ ጎረቤቶቹ እሳቸውን ትተው እሱን ማየት ጀመሩ። ገብቶ ፓስፖርቱን አምጥቶ እግራቸው ሥር ጣለው። በአጠገቤ ሲያልፍ ግን፣ "ስልኩን አልረሳሁትም" አለኝ።

ይደውል፣ አይደውል አላውቅም። ስለዚህ ቀን አትቁጠሪ። እሁድ ጠዋት ማዳምሽ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ቀድሪያ ከፎቁ ሥር ትጠብቅሻለች። ቆሻሻ እንደሚጥል ሰው ሆነሽ ውረጂ፤ ልብስሽን ተዪው። ከአስተማሪዎቻችን አንዷ ሠራተኛ ሴቶችን የሚያስጠጉ ሰዎች ታውቃለች፤ ተነጋግረናል፤ ሐኪምም አላቸው። ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነው ብለሽ እንዳትቀሪ፤ እሱን እነሱ ይጠይቁልሻል። ቀድሪያ ፈሪ ትመስላለች እንጂ አይደለችም፤ እመኛት።

የብርጓል ማርቆስ አክስቴ ቤት ተቀምጣ ዘጠነኛ ክፍል ጀምራለች። እህቴን እንዳላይ የከለከልሽኝ አንቺ ነሽ ብላ አኩርፋኛለች፤ ደህና አድርጋ አታናግረኝም። ስትመጪ ታስታርቂናለሽ።

ያን ሌላውን ነገር በሚመለከት ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ከአፌ አልወጣም። ግን ስሰናበታቸው እናትሽ ጓዳ ገብተው አንቀልባ ይዘው ወጡ። የብርጓልን ያዘሉበት ነው። ቆዳውን በቅቤ አሽተው አለስልሰውታል፤ መቼ እንዳሹት አላየሁም። እጄ ላይ አኖሩትና መዳፋቸውን ከላዩ አሳረፉ። ለማን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ለቀድሪያ አልሰጠኋትም፤ አልጋዬ ራስጌ አስቀምጬዋለሁ።

እናትሽ ከዚህ በቀር ሌላ ቃል አልላኩም፤ እንዳሉት ነው የምጽፍልሽ፦ "ኪዳነ ምሕረት ከፊት ትቅደምላችሁ፤ በደህና ታግባችሁ፤ ቤቴ ለሁለታችሁም ይበቃል።"

አሜን ብያለሁ።

ከበረንዳሽ ሥር የነበረችው እህትሽ