ስድስተኛው ሰሞን

ይድረስ ለምወድሽ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ያ አስቸጋሪ ጉልበትሽስ? የአዳማ ሙቀት በረድ አለላችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አራት ዓመት ሙሉ ደኅና ነን እያልሁ ስዋሽሽ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ግን እውነቴን ነው። በወረቀት የጻፍሁልሽ ስልክ ላይ ስለምታቋርጪኝ ነው። እስቲ አሁን አቋርጪኝ።

እታለም፣ ትናንት ጣና ዳር ብቻዬን ተቀምጬ ዓሣ በላሁ። ሰዓት እንኳ አላየሁም። አስተናጋጇ ሰው እየጠበቅሽ ነው ወይ ብትለኝ፣ ዛሬስ ማንንም አልጠብቅም አልኋትና ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቱ ያበድሁ ሳይመስላት አልቀረም።

የአባባን ነገር ግማሹን ነግሬሻለሁ። ያልነገርሁሽ፣ ጠዋት ጠዋት መስቀላቸውን ይዘው፣ ሰሞኔ ነው፣ የማገልገል ተራዬ ደርሷል፣ ቅዳሴው በእኔ ምክንያት ሊታጎል ነው እያሉ በሩን እንደሚደበድቡ ነው። ዘጌ ማገልገል ከተዉ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ምን ሰሞን አላቸው? እኔ ሞኟ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ያለቅሳሉ፤ በነጋታው እንደ አዲስ እንጀምራለን። ገበያ ስወጣ ከውጭ እቆልፍባቸው ነበር። ይኸው ተናገርሁት። ሰው እርዱኝ እንዳልል ደግሞ፣ የየኔታ ልጅ አባቷን መጦር አቃታት መባሉን ፈራሁ።

ነሐሴ ላይ መቆለፉን ረሳሁት። ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ፋሲሎ ሰፈርን በሙሉ ዞርሁ፣ ዓባይ ማዶ ተሻገርሁ፣ በመጨረሻ ጀልባ መሳፈሪያው ላይ አገኘኋቸው፤ በዝናብ በስብሰው ዘጌ አሻግሩኝ እያሉ ይለምናሉ። አጠገባቸው ቄስ ኪሩቤል ቆመዋል፤ አባባ ቅዳሴ ያስተማሯቸው፣ ያ ቀጫጫው፣ ዛሬ ጺማቸው ሸብቷል። እኔ ልጮህባቸው ስል፣ ቄስ ኪሩቤል ዝቅ ብለው ጉልበታቸውን ሳሙና፣ የኔታ፣ የዚህ ሳምንት ሰሞነኛ እኔ ነኝ፤ እርስዎ ይረፉ አሏቸው። አባባም፣ ተረኛ ካለማ ደግ ነው ብለው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። አራት ዓመት የታገልሁትን ሰውዬው በአንድ ቃል ጨረሱት። ተናደድሁም፣ ደስም አለኝ።

ቤት ስንደርስ ለቄስ ኪሩቤል ሁሉንም ዘረገፍሁላቸው። ለምን አልነገርሽንም፣ አባትነታቸው ላንቺ ብቻ ነው እንዴ ብለው ተቆጡኝ። በሳምንቱ አራት የቀድሞ ተማሪዎች ይዘው መጡና አባባን በሰሞን ተከፋፈሏቸው። ተረኛው ጠዋት ይመጣል፣ ገላቸውን ያጥባል፣ ያበላል፣ እስኪመሽ አብሮ ይውላል። ከእኔ እጅ በኀፍረት ይሸሹ የነበሩት ሰውዬ አሁን እያዜሙ ነው የሚታጠቡት። ከአራቱ አንዱ፣ ቄስ ወልደ ጻድቅማ ሆን ብለው ዜማ ያበላሻሉ፤ አባባ ይቆጡና ያርሟቸዋል፤ አንዲት ስሕተት አታመልጣቸውም። ብታያቸው ወፍረዋል።

እኔም ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ቦታዬን አግኝቻለሁ። ጥቅምት ሃያ እገባለሁ። ቀሚስ እንኳ አሰፋሁ፤ በመስታወት ፊት አሥር ጊዜ ለካሁት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አምስቱም በየደብራቸው ሰሞን ስላለባቸው፣ እያንዳንዳቸው ከስድስት ሳምንት ከአንዱ በላይ አይችሉም፤ ስድስተኛው ሳምንት ሰው አጥቷል። አለቃዬ በየስድስት ሳምንቱ መቅረት አይቻልም ብለውኛል፤ ሰው ካልተገኘ ሥራው ቀረብኝ ማለት ነው። ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ስድስተኛው መስመር ባዶ ነው፣ እስክሪብቶውም እዚያው ተንጠልጥሏል። ገላቸውን ቄስ ኪሩቤል ያጥቡልሻል፤ ስለሱ አታስቢ።

አላውቅበትም እንዳትይ። ከሁላችንም ሰሞን የሚቀለው ያንቺ ነው። የእኔን ስም ከረሱት ቆይተዋል፤ ጠዋት ሲነቁ የሚጠሩት አንቺን ነው። አቤት ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ። እስካሁን እኔ ነበርሁ የምልልሽ።

በደሴቶቹ ያሉ አባቶች ጸሎት ቤትሽን ይጠብቅልሽ፤ ጉልበትሽንም ለመንገዱ ያበርታልሽ። ዛሬ ጠዋት አባባ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ በስምሽ እየጠሩ ረጅም ምርቃት መርቀውሻል። ሳልነካው ልኬልሻለሁ።

ታናሽ እህትሽ